የስልክ ኩባንያ ድንበር በመሬታችን በኩል ያልፋል፤ ማዛወር ይቻላል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ ከዘመዶቼ ጋር ሆነን የግጦሽ መሬት ገዝተን ቤት እየሠራን ነው። ከመንገዱ ማዶ ላለው ጎረቤት አንድ የስልክ ኅብረት ሥራ ማኅበር ፋይበር አስገብቶለታል። እኛ ስንጠይቅ ‹ያላችሁበት ቦታ የሌላ ኩባንያ ክልል ነው፣ መሻገር አንችልም› አሉን። የዚያኛው ኩባንያ ገመድ ደግሞ ብዙ ማይል ርቆ ነው የሚቆመው። ድንበሩ ሊዛወር ይችላል? የሚወስነው ማን ነው? ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እኛስ ምን እንከፍላለን? እስከዚያው ምን እናድርግ?»

ይቻላል። ቴክሳስ ውስጥ እንዲህ ያለ ማስተካከያ አዲስ ነገር አይደለም፤ «አነስተኛ የድንበር ማሻሻያ» ተብሎ በየጊዜው ይቀርባል። ግን እርስዎ ብቻዎን የሚጨርሱት ጉዳይ አይደለም። ድንበሩ የተጻፈው በሁለት ኩባንያዎች የአገልግሎት ፈቃድ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ተስማምተው ለቴክሳስ የሕዝብ አገልግሎቶች ኮሚሽን ያመለክታሉ። ይህ ኮሚሽን በሰፊው ፒዩሲ የሚባለው ነው። ከዚያ በተጨማሪ ዋሽንግተን ያለው የፌዴራል ኮሚዩኒኬሽንስ ኮሚሽን፣ ማለትም ኤፍሲሲ፣ እጁን ያስገባል። እኔ የምሠራው በእንዲህ ዓይነት ማመልከቻዎች የካርታና የምሕንድስና ክፍል ላይ ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ የሕጉን ነገር የማነሳው ለሥራዬ የሚያስፈልገኝን ያህል ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የሚፈልጉት ስልክ ነው ወይስ ኢንተርኔት?

ጥያቄው ሞኝ ይመስላል፤ ዛሬ ሁለቱም በአንድ ፋይበር ነው የሚመጡት። በሕጉ ዓይን ግን የተለያዩ ናቸው። ፒዩሲ በካርታ ላይ ወስኖ የሚሰጠው ፈቃድ የአካባቢ የስልክ አገልግሎት ፈቃድ ነው። ኢንተርኔት እዚያ ውስጥ የለም። ማኅበሩ መንገዱን ተሻግሮ ኢንተርኔት ብቻ ቢያስገባልዎ የስልክ ድንበሩ አይከለክለውም። ስልኩንም ቢሆን የሚሰጥበት ሌላ በር አለ። የቴክሳስ ሕግ ከዋናው ፈቃድ ሌላ ለተወዳዳሪዎች የሚሰጡ ሁለት የሥራ ፈቃዶችን ያውቃል። አንዳንድ ኅብረት ሥራ ማኅበራት እህት ኩባንያ አቋቁመው በዚያ ፈቃድ ከክልላቸው ውጭ ይሠራሉ።

እንግዲህ «መሻገር አንችልም» ሲሏችሁ ብዙ ጊዜ ለማለት የፈለጉት «መሻገር አያዋጣንም» ነው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ደውለው በቀጥታ ይጠይቁ፦ «የከለከላችሁ ፈቃዱ ነው ወይስ ወጪው?» ስልክ ለሚያነሳው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ አይደለም ይህ ጥያቄ የሚቀርበው። ሥራ አስኪያጁን ወይም የውጭ መስመር ምሕንድስና ኃላፊውን ያግኙ። በትንሽ ማኅበር ውስጥ እነዚህን ሰዎች ማግኘት ያን ያህል አይከብድም።

አሁን ለምን እንደማያዋጣቸው ልንገርዎ። የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ነው።

ቤቶች ተራርቀው በሚገኙበት ገጠር የስልክ መስመር ከደንበኛው ወርኃዊ ክፍያ ብቻ ወጪውን አይመልስም። ልዩነቱን የሚሸፍነው ዩኒቨርሳል ሰርቪስ የሚባለው ድጎማ ነው። ከፌዴራል በኩል አለ፣ ቴክሳስም የራሷ አላት። የፌዴራሉ ድጎማ የሚሰላው አንድ ኩባንያ በአንድ ግዛት ውስጥ ባለው ክልል ልክ ነው። በሙያው ቋንቋ ስተዲ ኤሪያ ይባላል። ኤፍሲሲ እነዚህን ክልሎች ከኅዳር ወር 1984 ጀምሮ ባሉበት አግዷቸዋል፤ የሚጠቀሰው ቀን ኖቬምበር 15 ነው። ከዚያ ወዲህ ክልሉን የሚቀይር ሁሉ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

ለምን ታገደ? ድጎማው በወጪ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ነው። ወጪዎ ከፍ ካለ ድጎማዎም ከፍ ይላል። ኩባንያዎች ክልላቸውን እንደፈለጉ መቁረጥና መቀጠል ቢችሉ ኖሮ ውዱን ክፍል ለብቻው ነጥሎ ማውጣትና ድጎማ ማብዛት ቀላል ይሆን ነበር። እገዳው ያንን በር ዘጋ። ችግሩ ያንን ብልጠት ከልክሎ አላበቃም፤ የእርስዎን ዓይነት ተራ ጉዳይም አብሮ ያዘ። ማኅበሩ መንገዱን ተሻግሮ ለእርስዎ የሚዘረጋው ፋይበር ከክልሉ ውጭ ስለሆነ ለድጎማው ስሌት አይገባም። ወጪው በሙሉ የነባሮቹ አባላት ሸክም ይሆናል። የማኅበሩ ቦርድ አባላት ደግሞ ራሳቸው ደንበኞች ናቸው፤ «የእኛን ገንዘብ ለምን ማዶ ትቀብራላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት አላቸው።

እንግዲህ ድንበሩን ማዛወር ማለት በካርታ ላይ መስመር መሳብ ብቻ አይደለም። ድጎማውን ማን ይወስዳል፣ የማገልገሉን ግዴታስ ማን ይሸከማል የሚለውን መቀየር ነው።

መስመሩ መጀመሪያ እዚያ ቦታ ላይ እንዴት ሊሰመር ቻለ? ይህን ማወቅ ለክርክርዎ ይጠቅማል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በምዕራቡ አገር ብዙ ከብት አርቢዎች የእሾህ ሽቦ አጥራቸውን ራሱን የስልክ መስመር አድርገውት ነበር። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከተሞቹን ይዘው ገጠሩን ተዉት። በ1949 ኮንግረሱ የገጠር ኤሌክትሪክ ሕግን አሻሽሎ ለስልክም ብድር ፈቀደ። ብድሩ በተቻለ መጠን ብዙ የገጠር ሰው እንዲደርስ ታስቦ የተሰጠ ነው፤ ሌላው ኩባንያ የዘረጋውን መስመር ደርቦ ለመዘርጋት ግን አይሰጥም ነበር። ስለዚህ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ካርታ የተሠራው ሌሎች ከተዉት ቦታ ነው። አንዱ ምሰሶውን ያቆመበት የአንዱ፣ ሌላው ያቆመበት የሌላው ሆነ። በመካከል ያለው ባዶ ግጦሽ ደግሞ ማንም ስለማይኖርበት በግምት ተከፈለ።

ፒዩሲ የተቋቋመው በ1975 ነው፤ ቴክሳስ በዚህ ዘግይተው ከመጡት ግዛቶች አንዷ ናት። ያን ጊዜ የነበረው ልማዳዊ ወሰን ሕጋዊ ድንበር ሆኖ ጸና። ብዙ ቦታ መስመሩ የሚከተለው የድሮውን የመሬት ቅየሳ ነው። ቴክሳስ ወደ አሜሪካ ስትቀላቀል የሕዝብ መሬቷን ለራሷ አስቀርታለች። በዚህም ምክንያት ቅየሳዋ እንደ ሌሎቹ ምዕራባዊ ግዛቶች ወጥ አይደለም። የመሬት ሰነድዎን ይመልከቱ፤ ርዝመቱ በቫራ ተጽፎ ሊያገኙት ይችላሉ። አንድ የቴክሳስ ቫራ 33 ከ1/3 ኢንች ነው፣ ወደ 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ለባቡር ኩባንያዎች የተሰጡት ባለ 640 ኤከር ክፍሎችም አሉ። የስልክ ድንበሩ የእነዚህን ክፍሎች ጠርዝ ተከትሎ ሲሄድ ድንገት መንገድ ያቋርጣል፣ ጓሮ ይገምሳል። ሲሰመር ጓሮም መንገድም አልነበረማ! እንደ ላቪንግ ካውንቲ ያለውን ቦታ ያስቡ። ከ1,700 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ በ2020 ቆጠራ የተገኘው ሰው 64 ነው። እዚያ ካርታ ላይ መስመር የሳበ ሰው ማንን ያስከፋል ብሎ ይጠንቀቅ?

የመዳቡ ቴክኖሎጂም የራሱ ድርሻ ነበረው። በመዳብ ሽቦ ድምፅ ያለ እርዳታ በጥሩ ሁኔታ የሚደርሰው እስከ 18,000 ጫማ ገደማ ነው፤ 5.5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲርቅ በየ6,000 ጫማው ድምፁን የሚያስተካክል ጥቅልል ይገጠም ነበር። ያ ጥቅልል ድምፅን ያድናል፤ በመዳብ ሽቦ የሚመጣውን ዲኤስኤል የሚባለውን ኢንተርኔት ግን ያግዳል። ስለዚህ የስልክ ጣቢያ የሚቀመጥበትና ክልሉ የሚያበቃበት ቦታ በመዳቡ ርዝመት የተወሰነ ነበር። ዛሬ የተለመደው ጂፖን የሚባለው የፋይበር ሥርዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለመዳብ ምክንያታዊ የነበረው መስመር ለፋይበር ምክንያት የለውም። ይህን ነጥብ በደብዳቤዎ ላይ ቢያነሱት መሐንዲሱ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ ሁለቱ ኩባንያዎች ልብ እንግባ። ነባሩ ኩባንያ፣ ማለትም አሁን ክልሉን የያዘው፣ «ውሰዱልኝ፣ ተገላገልኩ» የሚል ይመስላል አይደል? አንዳንዴ በእርግጥ ይላል። ብዙ ማይል መዳብ ለአንድ ቤት መዘርጋት ለማንም አይጥምም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከመዳብ ለመውጣት እየተጣደፉ ነው። ኤቲኤንድቲ በ2024 መጨረሻ ላይ አብዛኛውን የመዳብ መረቡን እስከ 2029 መጨረሻ ለመዝጋት እንዳቀደ በይፋ ተናግሯል። ስለዚህ ጊዜው ለእርስዎ መጥፎ አይደለም።

ግን እምቢ የሚሉበትም ምክንያት አለ። ያ ባዶ ግጦሽ ነገ ባዶ ላይሆን ይችላል። ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ፣ የንፋስ ኃይል ማመንጫ፣ የሞባይል ማማ ሁሉ ከፍተኛ አቅም ያለው መስመር ይፈልጋል። አንድ ማማ የሚከፍለው ከብዙ ቤቶች ይበልጣል። ኩባንያው ለእርስዎ ቤት ግድ ላይሰጠው ይችላል፤ ከእርስዎ ጀርባ ስላለው ማማ ግን ያስባል። ሌላው ፍርሃት «ለአንዱ ከፈቀድን ሁሉም ይመጣል» የሚለው ነው። እኛ አገር የመሬት ወሰን ሲገፋ እንደሚፈራው ነው፤ አንድ ክንድ የለቀቀ ነገ ስንት ክንድ ይጠየቃል።

ስለዚህ የሚጠይቁት ቁራጭ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው ወሳኝ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጥሩ ጥያቄ የሚበላሸው በካርታው ነው።

ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስበው የራሱን ቤት ብቻ ቆርጦ ማውጣት ነው። እኔ ይህን አልመክርም። በድንበሩ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ጆሮ ትፈጠራለች። በሚቀጥለው ዓመት ከጎንዎ ሌላ ቤት ይሠራና ያው ጣጣ እንደገና ይጀመራል። የጥገና ሠራተኛው ግራ ይጋባል፣ የአደጋ ጊዜ ጥሪ ሠንጠረዡም ይወሳሰባል። የተሻለው የታወቀ ነገር መከተል ነው፦ ደረቅ ወንዝ፣ የካውንቲ ወሰን፣ ወይም የታወቀ የቅየሳ ክፍል ጠርዝ። ለምሳሌ ድንበሩ ከመንገዱ ግማሽ ማይል ወደ ውስጥ ቢገባና ከመንገዱ ጋር ትይዩ ቢሄድ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ሁሉ በአንድ ኩባንያ ሥር ይሆናሉ። መንገዱ ራሱ ድንበር ሲሆን ግን ችግሩ ይቀጥላል። ገመዱ የሚሄደው በመንገዱ ዳር ነውና አንዱ ኩባንያ ገመዱን ዘርግቶ ከማዶ ያለውን ሰው ሊያገለግል የማይችልበት ሁኔታ ይፈጠራል። የእናንተ ጉዳይ ራሱ ከዚህ የተወለደ ይመስለኛል።

ሌላው ጥሩ ዘዴ ልውውጥ ነው። ድንበሩ ረጅም ነው። ሌላ ቦታ ላይ ተቃራኒው ችግር ይኖራል፦ በማኅበሩ ክልል ውስጥ ሆኖ ለነባሩ ኩባንያ ገመድ የሚቀርብ ቁራጭ። ሁለቱን ባንድ ማመልከቻ ማቀያየር «ተሸነፍን» የሚለውን ስሜት ያጠፋል። መሐንዲሶቹ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን በደንብ ያውቋቸዋል፤ የሚጠይቃቸው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ከተስማሙ በኋላ ያለው ሂደት ያን ያህል አያስፈራም። ማመልከቻው የድሮውንና የአዲሱን መስመር የሚያሳይ ካርታ፣ የሁለቱን ኩባንያዎች ስምምነት፣ የሚነኩ ደንበኞች ካሉ ቁጥራቸውን፣ ምክንያቱንም ይይዛል። የጉዳይ ቁጥር ይሰጠዋል። ማስታወቂያው በየሳምንቱ በሚወጣው የግዛቱ ይፋዊ ጋዜጣ በቴክሳስ ሬጂስተር ይታተማል። አስተያየት መስጠት ወይም በጉዳዩ መግባት የሚፈልግ ሰው የሚቀርብበት ቀን አብሮ ይጻፋል። ሰነዱን ሁሉ ኢንተርቼንጅ በሚባለው የፒዩሲ የኢንተርኔት መዝገብ ገብቶ በጉዳይ ቁጥሩ ማንበብ ይቻላል። የቆዩ ማመልከቻዎችም እዚያው አሉ። አንድ ሁለቱን ከፍተው ቢያነቡ ከእኔ ማብራሪያ የበለጠ ነገሩ ይገለጥልዎታል።

ተቃዋሚ ካልመጣ የኮሚሽኑ ባለሙያዎች መርምረው ጉዳዩ በጽሑፍ ያልቃል። ተቃዋሚ ከመጣ ወደ ችሎት ሊሄድ ይችላል። ያን የሚሰማው የግዛቱ የአስተዳደር ችሎቶች ጽሕፈት ቤት ነው። ያኔ ጠበቃ ይገባል፣ ወጪው ይጨምራል፣ ለጥቂት ቤት ሲሉ ሁለቱም ኩባንያዎች ሊተዉት ይችላሉ።

ተቃዋሚው ብዙ ጊዜ ማን ነው? ሌላ ኩባንያ አይደለም። በሚዛወረው ቁራጭ ውስጥ የሚኖር፣ ስልክ ያለው፣ ቁጥሩ የሚቀየርበት ሰው ነው። የመደበኛ ስልክ ቁጥር ከቦታ ጋር የታሰረ ነው። ቁጥርን ይዞ ኩባንያ መቀየር የሚቻለው በአንድ የታሪፍ ማዕከል ውስጥ፣ ማለትም ኩባንያዎች የጥሪ ዋጋ ለማስላት በወሰኑት አካባቢ ውስጥ፣ እስከሆነ ድረስ ነው። ድንበር ሲዛወር የታሪፍ ማዕከሉም ሊቀየር ይችላል። ስለዚህ ለ40 ዓመት አንድ ቁጥር የያዙ አዛውንት ጎረቤት ካሉ መጀመሪያ እሳቸውን ያነጋግሩ። ቤታቸው ሄደው፣ ቡና ጠጥተው። ማስታወቂያውን በጋዜጣ አንብበው ከሚደነግጡ ከእርስዎ አፍ ይስሙት። እሳቸው ካልፈለጉ መስመሩን ከቤታቸው ወዲህ ማሳለፍ ይቻል እንደሆነ መሐንዲሱን ይጠይቁ።

ላታ የሚባል ሌላ ወሰንም አለ። የቤል ሥርዓት፣ ማለትም የድሮው ግዙፍ የኤቲኤንድቲ የስልክ ድርጅት፣ በጥር 1984 ሲበተን የርቀት ጥሪ የት ይጀምራል የሚለውን ለመወሰን የተሠመረ ነው። የእናንተ ድንበር በአጋጣሚ የላታ ድንበርም ከሆነ እሱን የሚቀይረው ኤፍሲሲ ነው፤ አንድ ወረቀት ይጨምራል ማለት ነው። ይህ ግን በሁሉም ቦታ አይገጥምም።

የ911፣ ማለትም የአደጋ ጊዜ ጥሪ፣ ነገር ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ነው። የስልክ ድንበርና የካውንቲ ድንበር አንድ አይደሉም። ከቤትዎ 911 ሲደወል ጥሪው ወደ የትኛው ማዕከል እንደሚሄድ የሚወሰነው ቁጥሩ በተመዘገበበት አድራሻ ነው። ቴክሳስ ውስጥ ይህን ሥራ በብዙ ቦታ የሚያስተባብረው ከ24ቱ የክልል ምክር ቤቶች የአካባቢው ነው፤ ራሱን የቻለ የአደጋ ጥሪ ወረዳ ያላቸው ካውንቲዎችም አሉ። ድንበሩ ሲዛወር ኩባንያው አዲሱን አድራሻ ሠንጠረዥ ከእነሱ ጋር ማስተካከል አለበት። እርስዎ ደግሞ ቤትዎ ትክክለኛ የ911 አድራሻ እንዳለው ከአሁኑ ያረጋግጡ። አዲስ ቤት በግጦሽ መካከል ሲሠራ ብዙ ሰው የሚያውቀው የፖስታ ሣጥኑን ብቻ ነው። አምቡላንስ ደግሞ ወደ ፖስታ ሣጥን አይሄድም።

ወደ ፌዴራሉ በኩል እንመለስ። መሬቱ ከአንዱ ነባር ኩባንያ ስተዲ ኤሪያ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባ ከሆነ ከኤፍሲሲ ልዩ ፈቃድ ያስፈልጋል። «ግን እኮ እዚህ ቦታ ስልክ ገብቶ አያውቅም፣ ማንም አላገለገለውም» ሊሉ ይችላሉ። ጥሩ ክርክር ነው፤ ብዙም አያስኬድም። ማንም ያልያዘውን ባዶ ቦታ ወደ ክልል ለመጨመር ልዩ ፈቃድ አይጠየቅም። የእናንተ መሬት ግን በካርታው ላይ በሌላ ኩባንያ ክልል ውስጥ ነው። ገመድ ባይደርሰውም ባለቤት አለው።

ደስ የሚለው፣ በ2011 ኤፍሲሲ የድጎማውን ሥርዓት ሲያሻሽል ይህንንም ሂደት አቅልሎታል። አሁን በዋናነት የሚታዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የግዛቱ ኮሚሽን አይቃወም፣ ዝውውሩም ለሕዝብ የሚጠቅም ይሁን። ጥቅሙ ሲመዘን ስንት መስመር እንደሚነካ፣ በመስመር ድጎማው ምን ያህል እንደሚሆን፣ ክልሎችን አጠቃሎ ወጪ ይቀንስ እንደሆነም ይታያል። ማመልከቻው በይፋ ከወጣ በኋላ ለአስተያየት 30 ቀን፣ ለመልስ አስተያየት እስከ 45ኛው ቀን ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን የያዘው የኤፍሲሲ ቢሮ ዝም ካለ በ60ኛው ቀን እንደተፈቀደ ይቆጠራል። እንግዲህ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ችግር ከሌለ ሦስት ወር ተኩል ገደማ ነው። ረጅሙ ጊዜ እዚህ አይደለም። ሁለቱን ኩባንያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጡ ነው የሚረዝመው። ለአምስት ቤት ብሎ የዋሽንግተን ጠበቃ ለመክፈል የሚቸኩል ኩባንያ የለም፤ ብዙ ጊዜ ሌሎች ቁራጮች እስኪጠራቀሙ ይጠብቃሉ።

ለዚህ ነው መጀመሪያ ስልክና ኢንተርኔትን የለየሁት። ኢንተርኔት ብቻ ከሆነ የሚያስፈልግዎ ድንበሩን ሳይነኩ በሌላ መንገድ መሄድ ይፈጥን ይሆናል። በ2021 የመሠረተ ልማት ሕግ ቢድ በሚባለው ፕሮግራም ለቴክሳስ የተመደበው 3.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። የሚያስተዳድረው በግዛቱ ኮምፕትሮለር (የፋይናንስ ኃላፊ) ሥር ያለው የብሮድባንድ ልማት ቢሮ ነው። ይህ ገንዘብ የድሮውን የስልክ ድንበር አይከተልም፤ የሚያየው ቤት በቤት ነው። ስለዚህ ዛሬ ማታ የኤፍሲሲን የብሮድባንድ ካርታ ይክፈቱና ቤትዎን ይፈልጉ። አዲስ ቤት ስለሆነ ነጥቡ ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል። ካርታው ላይ የሌለ ቤት ለማንም ድጎማ አይቆጠርም። ቦታው እንዲመዘገብ ጥያቄ ማስገቢያ እዚያው አለ። ነጥቡ ካለ ደግሞ ማን «እዚህ አገለግላለሁ» ብሎ እንደጻፈ ይመልከቱ። ነባሩ ኩባንያ የማያገለግለውን አገለግላለሁ ብሎ ከሆነ መቃወም ይችላሉ። ሌላ ኩባንያ በእርስዎ ቤት ስም ገንዘብ ተቀብሎ እንደሆነም ማጣራት ያስፈልጋል። ተቀብሎ ከሆነ ለማኅበሩ ሌላ ድጎማ ማግኘት ይከብደዋል፤ እናንተም ድንበር ከማዛወር ያንን ኩባንያ «መቼ ትመጣላችሁ?» ብሎ መወትወት ሊሻላችሁ ይችላል።

ክፍያን በተመለከተ፦ የማመልከቻውን ወጪ አብዛኛውን ጊዜ ኩባንያዎቹ ይችላሉ። እናንተ ጋ የሚመጣው የመስመር ማራዘሚያው ነው። ኩባንያዎች እስከ ተወሰነ ርቀት በነፃ ወይም በመደበኛ ዋጋ ይዘረጉና ከዚያ በላይ ያለውን ደንበኛው እንዲጋራ ይጠይቃሉ። ደንቡ በየኩባንያው ታሪፍ ላይ ተጽፏል፤ ጠይቀው ያንብቡት። ከገንዘብ ይልቅ የሚያስደስታቸው ነገር ግን እጃችሁ ላይ አለ፦ የማለፊያ መብት። ፋይበሩ በመሬታችሁ በኩል ወደ ሌሎች ቤቶች የሚያልፍ ከሆነ ያለ ክፍያ ለመፍቀድ ዝግጁ መሆናችሁን ቀድማችሁ ንገሯቸው። ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን፣ ስፋቱ ተለክቶ ይቀመጥ፣ በካውንቲው ጸሐፊ ዘንድ ይመዝገብ። «እንደፈለጋችሁ ቆፍሩ» ብላችሁ ግን አትፈርሙ፤ መሬቱን ስትሸጡ ያስቸግራችኋል።

ቦዩን ራሳችሁ ለመቆፈር ማቅረብም ይቻላል። አንዳንዱ ይቀበላል፣ አንዳንዱ በኢንሹራንስ ምክንያት አይቀበልም። ከመቆፈራችሁ በፊት ከመሬት በታች ያሉ መስመሮች ምልክት እንዲደረግባቸው 811 መደወል ግዴታ ነው። ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ ከመሬት በታች ያለው የጋዝ ቧንቧ ብዛት ቀልድ አይደለም።

ለማኅበሩ የምትጽፉት ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የቤቱን ጂፒኤስ ነጥብ፣ የ911 አድራሻውን፣ የመሬቱን የቅየሳ ስም ከሰነዱ ላይ፣ ቅርብ ያለው የማኅበሩ የፋይበር ሣጥን ምን ያህል እንደሚርቅ አስቀምጡ። በዚያው ድንበር ላይ አገልግሎት የሚፈልጉ ሌሎች ቤቶችን ፊርማ ጨምሩ። አምስት ፊርማ ከአንድ ረጅም ልመና ይበልጣል። አንድ ቅጂ ለነባሩ ኩባንያ ላኩና «መቼ ልታገለግሉን ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ቦታውን ለመልቀቅ ትስማማላችሁ?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። «አንችልም» የሚል ደብዳቤ ከእነሱ ካገኛችሁ በማመልከቻው ላይ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ የለም። ዝም ካሉ ለፒዩሲ የደንበኞች ክፍል አቤቱታ ማስገባት ይቻላል። የድንበር ለውጥ አያስገኝም፤ መልስ ግን ያስመጣል።

እስከዚያው በሳተላይት ወይም በሞባይል ኢንተርኔት መኖር ይቻላል፤ ስልኩንም በእሱ ላይ ማስኬድ ይቻላል። በኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ ሲያስገቡ ግን የ911 አድራሻውን ራስዎ ነዎት የሚሞሉት። ከከተማ ቤትዎ ይዘውት የመጡት መሣሪያ ከሆነ አድራሻው አሁንም የከተማው ነው። ከማንኛውም ነገር በፊት እሱን ይቀይሩ።